የአውቶሞቢል በር መስታወትና አገባቡ

በአውቶሞቢል በር ውስጥ የሚወጣና የሚወርደው መስታወት ከቤት መስኮት መስታወት በባሕርዩ የተለየ ነው፤ ይኸውም ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋለ በኋላ በብርቱ ነፋስ ባንድ ጊዜ እንዲበርድ ስለሚደረግ፣ ገጹ አስቀድሞ ሲጸና ውስጡ ዘግይቶ እየበረደ ወደ ራሱ ይስበዋልና፣ ገጹ ዘወትር እንደ ታመቀ፣ ማእከሉም እንደ ተወጠረ ይኖራል። ከዚህ የተነሣ በገጹ ላይ የሚያርፈውን ምት ይታገሣል፤ ነገር ግን ጠርዙ ከብረት ጋር ተጋጭቶ ስንጥቁ ወደ ማእከሉ የዘለቀ እንደ ሆነ፣ መላው በቅጽበተ ዓይን እንደ በረዶ ፍሬ ይበተናል። ፍርፋሪው ዶልዷማ መሆኑ ለተሳፋሪው ሥጋ ታስቦ ነው። እንዲህ ያለው መስታወት ከተሠራ በኋላ ሊቆረጥም ሊበሳም አይችልምና፣ ለዚያው በር በልኩ የተሠራውን ከመፈለግ በቀር ሌላ መንገድ የለም።

የተሰበረውን መስታወት ለመተካት አስቀድሞ በሩን ከውስጥ መፍታት ያሻል። ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚታዩትን፣ ማንሻቸው በእጅ የሚዞረውን የቀድሞ ቶዮታ ኮሮላዎች ብንመለከት፣ እጀታውን የያዘችው ቀጭን የሽቦ ቀለበት ከኋላዋ ጨርቅ አስገብተው ወዲያና ወዲህ ሲስቡት ትወጣለች። የክንድ መደገፊያው በካቻቢቴ ተፈትቶ የበሩ የውስጥ ልባስ ከተነሣ በኋላ፣ በብረቱ ላይ የተለጠፈውን ላስቲክ ሳይቀዱ መላጥ ይገባል።

ብዙ ሰው ቸል የሚለው ሥራ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መስታወቱ በሚወጣበት ስንጥቅ ዳር ያለው ጎማ ዝናብን ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ ከፊሉ ወደ በሩ ሆድ እንዲወርድና ከታች ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንዲፈስ አስቀድሞ ታስቦበታል፤ ላስቲኩም ይህ ውኃ ወደ ተሳፋሪው ክፍል እንዳይሻገር የቆመ መጋረጃ ነው። ስለዚህ የአሮጌው መስታወት ስብርባሪ በሚገባ ሳይጠረግ ቀርቶ ቀዳዳዎቹን የደፈነ እንደ ሆነ፣ ውኃው በዚያ ታቁሮ በሩን ከውስጥ በዝገት ይበላዋል።

አዲሱ መስታወት የፊት ጫፉ ዘንበል ብሎ ይገባና፣ ሁለቱ ጠርዞች ጎማ በለበሰው ሀዲዳቸው ውስጥ ሲያርፉ ይቃናል። ከማንሻው ጋር የሚያያይዙት ቡሎኖች በመጀመሪያ ላላ ብለው ይታሰራሉ፤ መስታወቱ እስከ ላይ ወጥቶ ከበሩ ፍሬም ጋር መስማማቱ ከታየ በኋላ፣ ያለ ልክ ሳይጨክኑ ይጠብቃሉ። ሲወጣ ከከበደ፣ ሀዲዱን ጠርጎ ሲሊኮን መቀባት እንጂ በጉልበት መግፋት አይገባም፤ የሞተር ዘይትም ጎማውን ያሳብጠዋልና መራቅ ይሻላል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ አውቶሞቢላችሁን በጋራዥ ስታሠሩ የመስታወቱን መውጣትና መውረድ ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ልባሱ ከመገጠሙ በፊት ላስቲኩ በቦታው መመለሱን፣ የበሩም ቀዳዳዎች መከፈታቸውን በዓይናችሁ ተመልከቱ።