ከኅትመት በፊት የነበረው ገጽ፦ የልዕለ ጀግኖችን ኮሚክ ኦሪጅናል ሥዕል እንዴት እናጣጥም?

ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንባቢ ጋር የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው «አሜዚንግ ፋንታሲ» ቁጥር 15 ነው። ስቲቭ ዲትኮ ለዚያ እትም በእጁ የሠራቸው 24 ገጾች ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በ2008 ስሙ እንዳይገለጽ የፈለገ ሰው በስጦታ ያበረከታቸው ናቸው። ከመካከላቸው በአንዱ ኅዳግ ላይ ደራሲውና አዘጋጁ ስታን ሊ በእርሳስ የጻፈው ማሳሰቢያ አለ። በሥዕሉ ያለችው መኪና ጣሪያ ያላት ትሁን፣ ከመስኮት የወጣ እጅ አይታይ፣ በግዴለሽነት የምትነዳ አትምሰል ይላል። መጽሔቱን ገዝቶ ያነበበው ልጅ ይህን አላየም። ኦሪጅናል ገጽ የሚሰበስቡ ሰዎች የሚፈልጉት ግን ይህንኑ ነው፦ ሥራው ሲሠራ የቀረውን የእጅ አሻራ።

ገጹ እንዴት ይሠራል?

በተለመደው አሠራር ሠዓሊው ብሪስቶል በሚባል ጠንካራ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይነድፋል፣ ሌላ ባለሙያ ንግግሮቹን ይጽፋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ንድፉን በብሩሽና በብዕር በጥቁር ቀለም ያጸናዋል። ገጹ ከመጽሔቱ ይበልጣል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሥዕሉ የሚያርፍበት ቦታ በአብዛኛው 25 በ38 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከዚህም ይሰፋ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ፎቶ አንስቶ ያሳንሰዋል። ቀይና ሰማያዊው ቀለም የሚወሰነው በሌላ ቅጂ ላይ ስለሆነ፣ ኦሪጅናሉ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ነው።

ምን ላይ እናተኩር?

መጀመሪያ መስመሩን እንይ። በኅትመት ድፍን ጥቁር የሚመስለው ጥላ በኦሪጅናሉ ላይ ብሩሹ የሄደበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ የቀለሙ መቅጠንና መወፈር በዓይን ይለያል። የሠዓሊውን የጃክ ከርቢን ብርቱ እርሳስ ጆ ሲኖት በቀለም ሲያጸናው የ«ፋንታስቲክ ፎር» ገጾች ያገኙትን ጥራት ያየ ሰው፣ ቀለም አጽኚ እርሳስ ተከትሎ የሚሄድ ብቻ ነው አይልም።

ቀጥሎ እርማቱን እንፈልግ። በነጭ ቀለም የተሸፈነ ስህተት፣ ተቆርጦ የተለጠፈ ንግግር፣ የማተሚያ ካሜራ ስለማያነበው ሳይጠፋ የቀረ ፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ፣ ሁሉም የውሳኔ ምልክቶች ናቸው። ከርቢ በ1960ዎቹ በየሥዕሉ ሣጥን አጠገብ የታሪኩን ሂደት በእርሳስ ይጽፍ ነበር፤ ስታን ሊ ንግግሩን የሚጽፈው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ማን ፈጠረው ለሚለው የቆየ ክርክር እነዚያ ኅዳጎች ማስረጃ ናቸው።

ለምን ጥቂት ተረፈ?

አሳታሚዎች ለረጅም ጊዜ ገጹን የሚፈልጉት ለኅትመት ብቻ ነበር። ከታተመ በኋላ የተቆራረጠ፣ የተጣለ፣ ለጎብኚ በነፃ የተሰጠ ብዙ ነው። የስፓይደርማን አሳታሚ ማርቭል ለሠዓሊዎቹ ሥራቸውን መመለስ የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። ከርቢም ለማርቭል ከሠራቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ወደ 2,000 የሚሆኑትን ያገኘው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1987 ነው። ሰብሳቢ ገጹ ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ ሊጠይቅ የሚገባው ለዋጋው ብሎ ብቻ አይደለም፤ ለሠራው ሰው ክብር ሲልም ነው።

ሲገዙ

ሽፋኖችና ሙሉ ገጽ የያዙ ትዕይንቶች ይወደዳሉ። ማይክ ዜክ በ1984 ለ«ሲክሬት ዋርስ» ቁጥር 8 የሠራው፣ የስፓይደርማን ጥቁር ልብስ የተገኘበት አንድ ገጽ በ2022 ዳላስ ላይ በተካሄደ ጨረታ 3.36 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ስማቸው ብዙ ያልተነሣ ሠዓሊዎች የሠሯቸው ተራ የታሪክ ገጾች ግን ከዚህ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገኛሉ፤ ጥሩ ታሪክ ነጋሪነትም እዚያ ሞልቷል። ከመክፈልዎ በፊት የታተመውን መጽሔት ከገጹ አጠገብ አስቀምጠው መስመር በመስመር ያነጻጽሩ፤ ሠዓሊዎች ራሳቸው በኋላ ዘመን ደግመው የሠሯቸው ቅጂዎችም ይሸጣሉና። በዲጂታል የሚሠሩ ሠዓሊዎች እየበዙ ስለሆነ፣ ለአዲስ እትም ጭራሹኑ ወረቀት ላይኖር ይችላል። አንዳንዴም እርሳሱና ጥቁር ቀለሙ በተለያየ ወረቀት ላይ ስለሚሠሩ፣ የሚገዙት የትኛውን እንደሆነ ይጠይቁ።

ቤት ካስገቡት በኋላ ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ ያርቁት፤ የማርከር ቀለም በብርሃን ይደበዝዛል። ፕላስተር አይለጥፉበት፣ አሲድ የሌለው ካርቶን ይጠቀሙ፣ ያረጀውን እርማትና የሙጫ ምልክትም ለማስዋብ ብለው አያጽዱ። ምልክቶቹ የሥራው አካል ናቸው። ዋጋ በየጨረታው ይወጣል ይወርዳል፤ ገጹን ማንበብ የተማረ ሰው ግን በመጠነኛ ገንዘብ በገዛው አንድ ገጽ ላይ ሠዓሊው ያመነታበትንና የቆረጠበትን ቦታ ለይቶ ማሳየት ይችላል።