ከቤት ውጭ በአርማታ ግድግዳ ላይ ስለሚዘረጋ የሙቅ ውኃ ቧንቧ

በተልተሌና በአካባቢው ባሉት የቆላ ከተሞች ውኃ በጀሪካን ተለክቶ የሚሸጥ ውድ ነገር መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ስለዚህ በፀሐይ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ በማደሪያ ቤቱ የሚያስተክል ሰው፣ ከማሞቂያው ዋጋ ጋር የቧንቧውን አዘረጋግ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ለምሳሌ ያህል፣ ማሞቂያው በጣራ ላይ ተቀምጦ ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች የብረት ቧንቧ በውጭው ግድግዳ ላይ 15 ሜትር ቢዘረጋ፣ በውስጡ 5 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። ይህ ውኃ በቧንቧው ውስጥ እንዳለ ከቀዘቀዘ፣ እንግዳው ሙቁ እስኪደርስለት ድረስ ያፈሰዋል። በቀን 4 ጊዜ እንዲህ ቢሆን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውኃ ያለ ጥቅም ይፈሳል። ሙቀት ጠባቂ ሽፋን የለበሰ ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ሞቆ አያድርም፤ ነገር ግን አንዱ እንግዳ ታጥቦ ሌላው እስኪገባ ባለው ጊዜ ሙቀቱን ይጠብቃል። በቆላ አገር የሽፋኑ ዋና ጥቅም ይኸው ነው።

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚሸጠው ጥቁሩ የጎማ ስፖንጅ ነው። ይህ ስፖንጅ ቀዳዳዎቹ ድፍን ስለሆኑ ዝናብ በቀላሉ አይገባውም፤ ይሁን እንጂ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ይረግፋል። ፋይበርግላስ ደግሞ ፀሐይን ቢችልም ውኃ ከጠጣ ሙቀት መጠበቁን ይተዋል። ስለሆነም ሁለቱም በላያቸው የላሜራ ልባስ ያስፈልጋቸዋል። በአውሮፓ በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ጥላ ነው። ተልተሌ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ጥላ የሚሆን ግድግዳ አይገኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ የቧንቧው መርዘም ነው። ማናቸውም ቧንቧ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። 10 ሜትር የብረት ቧንቧ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ፒፒአር የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧ፣ በውስጡ ማጠናከሪያ ከሌለው፣ 75 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ግድግዳው ግን በቦታው ይቆያል። ቧንቧው በሁሉም ቦታ ጠብቆ ከታሰረ ይጎብጣል፣ ወይም መጋጠሚያው ይላቀቃል። ይህ ሕግ ለትልቁም ለትንሹም ሥራ አንድ ነው፤ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል በሚገኘው በአሉቶ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ፣ ትልልቆቹ ቧንቧዎች በመንገዳቸው እየታጠፉ የሚሄዱት ለመርዘሚያቸው ቦታ እንዲያገኙ ነው።

እንግዲህ በሥራው ጊዜ የሚከተሉት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል።

1ኛ/ በእያንዳንዱ ቀጥተኛ መስመር አንዱ ማሰሪያ ብቻ ቧንቧውን አጥብቆ ይያዝ፤ የቀሩት እንዲንሸራተት ይልቀቁት። ማሰሪያዎቹ ለብረት በየ2 ሜትሩ፣ ለባለ 25 ሚሊ ፒፒአር በየ70 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ይሁኑ።

2ኛ/ ባለ 25 ሚሊ ቧንቧ 20 ሚሊ ውፍረት ያለው ስፖንጅ ሲለብስ ስፋቱ 65 ሚሊ ይሆናል። ስለዚህ እግሩ አጭር የሆነ ማሰሪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከግድግዳው እስከ ቧንቧው መካከል 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊኖር ይገባል።

3ኛ/ አርማታው በትራፓኖ ከተበሳ በኋላ ፊሸሩ ከመግባቱ በፊት ቀዳዳው ከአቧራ ይጽዳ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ የአርማታውን ያህል አይዝም።

4ኛ/ ቧንቧው ግድግዳውን በሚያልፍበት ቦታ ሰፋ ያለ ሌላ ቧንቧ እንደ እጅጌ ይግባለት፤ እጅጌውም ዝናብ እንዳያስገባ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ይበል። የላሜራው መጋጠሚያም ወደ ታች ይዙር።

5ኛ/ ፒፒአር ከ70 ዲግሪ በላይ ለሆነ ሙቀት ለረዥም ጊዜ አይጸናም። የፀሐይ ማሞቂያ ግን ውኃው ካልተቀዳ ከዚህ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ከማሞቂያው የሚወጣው የመጀመሪያው ክፍል ብረት ቢሆን ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ ለነጋዴው የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ቧንቧውን ብቻ አስመጥቶ ስፖንጁን፣ ላሜራውንና ረዥሙን ማሰሪያ የማያስመጣ ባለሱቅ የሸጠው ግማሹን ዕቃ ነው። ተልተሌ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፣ አንድ ማሰሪያ የጎደለው ደንበኛ ዕቃው እስኪመጣ መጠበቁን ትቶ በሽቦ አስሮ ያልፈዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጋጠሚያው ማፍሰስ ሲጀምር የሚወቀሰው ሽቦው ሳይሆን ቧንቧውን የሸጠው ሱቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ አስመጪውም ባለሱቁም ዕቃዎቹን አንድ ላይ አዘጋጅተው ከአገጣጠሙ ማስረጃ ጋር ቢሸጡ፣ የገዢውን ውኃና ገንዘብ፣ የራሳቸውንም መልካም ስም ይጠብቃሉ።