ሽሮው ከመቅጠኑ በፊት

ደመወዝ ወደ ማለቁ ሲቃረብ በብዙ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚለወጠው ሽሮው ነው። እንጀራው እንዳለ ነው፣ ቡናውም አልቀረም፤ ሽሮው ግን ውሃ ይበዛበታል። ቤተሰቡ በእንጀራው ስለሚጠግብ ማንም አያጉረመርምም፤ ቀጭን ሽሮ ድምፅ የሌለው ቁጠባ ነው። ሲቸግር መቀነስ አይቀርም። የዚህ ምዕራፍ ክርክር በተራው ላይ ነው፦ ሽሮው መቀነስ ካለበት ከሁሉም በኋላ ይቀነስ።

ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርነስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 የቤልጅግ ሠራተኛ ቤተሰቦችን የወጪ መዝገብ መርምሮ፣ ቤተሰብ በደኸየ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚሄደው ድርሻ ከፍ እንደሚል አሳየ። ማንኛዋም የአዲስ አበባ እናት ይህን ሳትማር ታውቀዋለች። ግማሽ ገቢው ወይም ከዚያ በላይ ወደ ማድ ቤት በሚገባበት ቤት ውስጥ ግን ከኤንግል ግኝት ይልቅ የሚጠቅመው ትንሽ የሂሳብ ሥራ ነው።

ስምንት ሰው ያለበትን ቤት እንውሰድ፦ አባትና እናት፣ አያት፣ አራት ልጆች፣ ለትምህርት ከገጠር የመጣ የእህት ልጅ። ሕፃኑንም ጎረምሳውንም አቻችለን ለአንድ ሰው በቀን 300 ግራም የእንጀራ ዱቄት ብንይዝ፣ ለቤቱ በቀን 2.4 ኪሎ፣ በወር 72 ኪሎ ይሆናል። ጥራጥሬው፣ ሽሮም ይሁን ምስር ወይም ክክ፣ ለአንድ ሰው 60 ግራም ቢደርስ በቀን ግማሽ ኪሎ አይሞላም፤ በወር ቢበዛ 15 ኪሎ ነው። ጥራጥሬ በኪሎ ከጤፍ ሊወደድ ይችላል፤ በመጠን ግን የጤፉን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። የሽሮውን ሩብ ብንቀንስ በወር የምናተርፈው አራት ኪሎ እንኳ የማይሞላ እህል ነው። ጤፉ ላይ በኪሎ የምትገኝ ጥቂት ብር ግን በ72 ትባዛለች። ብዙው ቤት ይህን አገላብጦ ይሠራዋል።

ጥራጥሬው የሚሰጠውን ደግሞ እንይ። አንድ ኪሎ ምስር ወደ 240 ግራም ፕሮቲን ይዟል፤ አንድ ኪሎ አጥንት የሌለው ጥሬ ሥጋ 200 ግራም ገደማ፣ አንድ ኪሎ ጤፍ ደግሞ 120 ግራም ገደማ። የዛሬን ዋጋ እዚህ ብጽፍ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ያረጃልና፣ ዋጋውን በእነዚህ ቁጥሮች የማካፈሉን ሥራ ለእናንተ እተወዋለሁ። ምስርና ሥጋ በኪሎ ስንት እጥፍ እንደሚራራቁ የሚያውቅ ሰው እርሳስ እንኳ ላያስፈልገው ይችላል።

ነገሩ በፕሮቲን ብዛት ብቻ አያልቅም። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ቅንጣቶች የተሠራ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ ላይሲን ሲሆን በእህል ውስጥ የሚያንሰው እሱ ነው። ግንበኛ ሲሚንቶ ካለቀበት ድንጋይ ቢከመርለት ግድግዳው አይነሳም፤ ሰውነትም ላይሲን ሲያጥረው የቀረውን ፕሮቲን ለግንባታ አያውለውም። ጥራጥሬ በላይሲን የበለጸገ ነው፣ በእሱ የሚጎድለውን ደግሞ እህል ይሞላል። እንጀራ በሽሮ የድሃ ምግብ ነው የሚሉ ሰዎች ያልገባቸው ይህ ጥምረት ነው። ጤፍ ከብዙ እህሎች በላይሲን ሻል ይላል። ስለዚህ ቤተሰቡ ጤፉን በማሽላ፣ በበቆሎ ወይም በሩዝ ሲደባልቅ ጥራጥሬው ከበፊቱ ይልቅ ያስፈልገዋል። ይሁንና ዱቄት መደባለቅ የጀመረ ቤት ብዙውን ጊዜ ሽሮውንም የሚያቀጥነው በዚያው ወር ነው፤ ጉዳቱ በሁለት በኩል ይመጣል።

እንግዲህ መጀመሪያ ምን ይቀነስ? እኔ ብጠየቅ፣ የጤፉ ንጣት። ማኛ ጤፍ የሚወደደው ነጭ ስለሆነ ነው እንጂ የበለጠ ስለሚመግብ አይደለም። ከማኛ ወደ ሰርገኛ፣ ከሰርገኛ ወደ ቀይ መውረድ ሆድን ምንም አያጎድልበትም። ቀዩ ጤፍ ብረት ይበዛበታል ይባላል፤ እውነት አለው፣ ከዚያ ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የሚገባ መሆኑን ግን አንርሳ። እርሾው በደንብ እንዲሠራ ሁለት ሦስት ቀን መተው፣ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚቀንሰው ዋጋው ከጤፉ ቀለም አያንስም።

የሩዝ ዱቄት ነገር ግን ያሳስበኛል። እንጀራውን ያነጣዋል፣ እንግዳ ፊትም አያሳፍርም፤ ፕሮቲኑ ግን ከጤፍ በጣም ያነሰ ነው፣ ብረቱም እንደዚሁ። መደባለቅ ግድ ከሆነ ማሽላ ይሻላል። ማሽላ የበዛበት እንጀራ በማግስቱ ስለሚደርቅ ሲሶው ማሽላ ሆኖ ቶሎ ቶሎ መጋገር፣ የተረፈውንም ፍርፍር ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ቁጠባ ያለው አገዛዙ ላይ ነው። በየቀኑ ከሱቅ በኪሎ የሚገዛ ቤት ለተመሳሳይ እህል በኩንታል ከሚገዛው የበለጠ ይከፍላል፤ ድህነት ውድ የሚሆነው እንዲህ ነው። ጤፍ የሚወቃው ከኅዳር እስከ ጥር ስለሆነ በዚያ ሰሞን ዋጋው ረገብ ይላል፣ ክረምቱ ሲገፋ ደግሞ ይወጣል። ኩንታል የሚገዛበት ገንዘብ በአንድ ጊዜ የለም ለሚል፣ ዕቁብ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ እንዲደርሰው ከሰብሳቢው ጋር መነጋገር ወይም ለበዓል በሬ ቅርጫ እንደሚገባው ከጎረቤት ጋር ኩንታሉን መካፈል አለ። ሸማቾች ማኅበርና የእሁድ ገበያም ከመንደር ሱቅ ጋር ሊወዳደሩ ይገባል፤ ሁልጊዜ ይረክሳሉ ብሎ ማመን ግን አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፦ ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፣ ፍሬው ለነቀዝ እጅግ ደቃቃ ነው። ከእርጥበትና ከአይጥ ከጠበቁት ዓመት ይቀመጣል። ሽምብራና ባቄላ ግን በጥቂት ወራት ይበሳሉ። ስለዚህ ጤፉን በብዛት፣ ጥራጥሬውን ለሁለት ወር የሚሆነውን ያህል መግዛት፣ ወይም አየር በማያስገባ ዕቃ አጥብቆ መዝጋት ይሻላል።

ጥራጥሬውን በፍሬው ገዝቶ፣ ለቅሞና ቆልቶ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ከገንዘብም በላይ ይጠቅማል። ተፈጭቶ በሚሸጥ ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊኖር ይችላል። ጓያ ይረክሳል፣ ይጣፍጣል፣ ድርቅም ይችላል፤ ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን የሚያሽመደምድ መርዝ አለው፣ የተሽመደመደው እግርም አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከድርቅ በኋላ በወሎ፣ በደላንታና ዳውንት፣ ሌላ እህል ያጣ ሕዝብ የጓያ ጥገኛ ሲሆን ብዙዎች ሽባ ሆነዋል። ጥቂት ጓያ አልፎ አልፎ አያስፈራም። የሚያስፈራው ቤቱ ሳያውቅ በየቀኑ ሲበላው ነው። አውቆ የሚበላ ደግሞ ዘፍዝፎ ውሃውን ይድፋ፣ ከሌላ ጥራጥሬም ጋር ይቀላቅል።

ዘይት ከሚገባው በላይ ይታማል። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ ሲሰጥ አንድ ኪሎ ጤፍ 3,600 ያህል ይሰጣል፤ የሊትሩ ዋጋ ከኪሎው እጥፍ እስካልበለጠ ድረስ ዘይቱ እንደ ኃይል ምንጭ አልተወደደም ማለት ነው። ሆዱ ትንሽ ለሆነ ሕፃን ደግሞ ብዙ እንጀራ ከማጉረስ አንድ ማንኪያ ዘይት ምግቡ ላይ መጨመር ይቀላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምግቡ ማን ሆድ ገባ የሚለው ይቀራል። ከአንድ ትሪ መብላት ውብ ልማድ ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ ግን የአሥራ አራት ዓመት ወንድሙን በፍጥነት አይቀድመውም። ወጡ መሃል ላይ ሲያልቅ እሱ ገና እንጀራ እየቆረሰ ነው። ለትንሹ ልጅ የራሱ ሳህን ይውጣለት፣ ወፍራሙም ሽሮ ይድረሰው። በዐቢይ ጾም እንቁላል ይረክሳል፤ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ጹም አልተባለምና ያ ወቅት ለእሱ እንቁላል የሚገዛበት ነው።

ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ ከእህልና ከጎመን የሚገኘው ብረት በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ምንም ወጪ የለውም። ጎመኑ ላይ ሎሚ መጭመቅ ደግሞ ብረቱ እንዲገባ ያግዛል። ይህ በተለይ የሚመለከተው ነፍሰ ጡሯንና የምታጠባዋን ነው። እሷ ሁሉንም አብልታ ከድስቱ ግርጌ የቀረውን የምትጠርግ ስለሆነች፣ የእሷ ድርሻ ወጡ ወደ ትሪው ሳይወጣ ተቀንሶ ይቀመጥ።