ስለ ጭነት ጋሪ አመራረጥ
በሐይቅና በአምባሰል አገር እህልን ከአውድማ ወደ ጎተራ ለማድረስ የሚሻለው የትኛው ነው?

ገበሬ አርሶ፥ ዘርቶ፥ አርሞ፥ አጭዶና ወቅቶ ከጨረሰ በኋላ ድካሙ ያለቀለት ይመስላል። ነገር ግን እህሉ ከአውድማ ተነሥቶ ጎተራ እስኪገባ፥ ከጎተራም ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ ድረስ ሀብቱ ገና በሜዳ ያለ ሀብት ነው። ያልታሰበ ዝናብ ያገኘዋል፤ ምስጥና አይጥ ይካፈለዋል፤ ማጓጓዣ ያጣው ሰውም ነጋዴው እስከ አውድማው መጥቶ በቈረጠለት ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። ስለዚህ የእርሻን መሻሻል የሚመኝ ገዥ፥ ሹም ወይም ባለ መሬት ስለ ዘርና ስለ ማረሻ እንደሚጠነቀቅ ሁሉ ስለ ማጓጓዣም ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ይህም ጽሑፍ በሐይቅና በአምባሰል አገር ጋሪ ለመግዛት ወይም ለማሠራት ለሚያስቡ ሁሉ ምን መርምረው መምረጥ እንዳለባቸው ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

ስለ አገሩ ሁኔታ

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በአጠገቧ ያለው ታላቁ ሐይቅና በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስሟን በአገሩ ሁሉ አሰምተውታል። መንገዱ ከዚያ አልፎ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ውጫሌ ይዘልቃል። ውጫሌም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋራ የተፈረመው ውል ስሟን የወሰደባት ስፍራ ናት።

በዚህ አገር የመሬቱ መልክ ሁለት ዓይነት ነው። በሐይቁ ዙሪያና በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ማሽላ፥ ጤፍና በቆሎ የሚበቅልበት ለጥ ያለ መሬት አለ። ከዚያ ፈቀቅ ሲሉ ግን ገደሉና ዳገቱ ይጀምራል፤ በአምባሰል ተራሮች ላይ ገብስና ስንዴ የሚዘራው ገበሬ እህሉን የሚያወርደው በአህያ ጀርባ፥ አንዳንዴም በሰው ትከሻ ነው። እንግዲህ ለሜዳው የሚስማማው ጋሪ ለተራራው አይስማማም። ብዙ ገንዘብ ያለ ጥቅም የሚባክነውም ይህ ልዩነት ሳይታይ ሲቀር ነው።

አስቀድሞ መንገድ፥ ቀጥሎ ጋሪ

ለዚህ ነገር ወሎ ራሷ ታላቅ ምሳሌ አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ በጋፋት ካሠሩ በኋላ፥ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በሠረገላ አስጐትተው ወስደውታል። ጕዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ያን ሁሉ ጊዜ የበላው የመንኰራኵሩ መጥፎነት አልነበረም፤ በጅጣና በበሽሎ ገደል ላይ መንገዱ ከሠረገላው ፊት ፊት እየተጠረገ መሠራት ስለ ነበረበት ነው። ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋራ ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ያዩት ሰዎች ጽፈዋል። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አለ። ትምህርቱም ግልጥ ነው፤ መንኰራኵር የሚጠቅመው መንገድ ላለው ሰው ብቻ ነው።

ይህንንም በቍጥር እንመርምረው። አንዲት አህያ በጀርባዋ የምትሸከመው ከግማሽ ኩንታል ብዙ አይበልጥም። 20 ኩንታል ማሽላ ያገኘ ገበሬ በሁለት አህያ ቢጭን 20 ጊዜ መመላለስ አለበት። እነዚሁ ሁለቱ አህዮች በደልዳላ መንገድ 4 ኩንታል የያዘ ጋሪ ቢስቡ ግን ሥራው በ5 ምልልስ ያልቃል። አውድማው ከቤቱ የአንድ ሰዓት መንገድ የሚርቅ ቢሆን፥ በጭነት 40 ሰዓት የሚፈጀው ሥራ በጋሪ 10 ሰዓት ይበቃዋል ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ሒሳብ የሚሠራው በሜዳ ነው። 120 ኪሎ የምትመዝን ጤናማ አህያ ሳትጎዳ ለረጅም ሰዓት የምትስበው ኃይል ከክብደቷ ከመቶው ከ10 እስከ 15 እጅ፥ ማለት ከ12 እስከ 18 ኪሎ ያህል ነው፤ ለሁለት አህያ ከ24 እስከ 36 ኪሎ ይሆናል። ጋሪው ራሱ 100 ኪሎ፥ ጭነቱም 400 ኪሎ ቢሆን ጠቅላላው 500 ኪሎ ነው። በደረቀና በተደለደለ የአፈር መንገድ ይህን ለመሳብ ከክብደቱ ከመቶው 5 እጅ፥ ማለት 25 ኪሎ ያህል ኃይል ይበቃል። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ከሆነ ግን በዚሁ ላይ ሌላ 50 ኪሎ ይጨመርበታል፤ ድምሩም 75 ኪሎ ይሆናል። ይህም ለሁለቱ አህዮች ከሚችሉት ከእጥፍ በላይ ነው። ለጥቂት እርምጃ ሊታገሉት ይችሉ ይሆናል፤ በየቀኑ ቢደረግባቸው ግን ከብቶቹ ያልቃሉ።

ስለዚህ ጋሪ ከመግዛት በፊት የመንገዱን ዳገት መለካት ያስፈልጋል፤ አለካኩም ቀላል ነው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት አንድ ጫፉን በመሬት ላይ አሳርፎ፥ በላዩ ግማሹ ውሃ የሆነ ጠርሙስ አስተኝቶ፥ ውሃው እስኪተካከል ድረስ ሌላውን ጫፍ ወደ ቍልቍለቱ በኩል ማንሣት ነው። ከዚያም ከተነሣው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ይለኩ። 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዳገቱ ከመቶ 5 ነው፤ ጭነቱ በግማሽ ተቀንሶ ጋሪ ሊሄድበት ይችላል። 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን ከመቶ 10 ነውና መንገዱ ካልተጠመዘዘና ካልተሻሻለ በቀር ለጋሪ አይሆንም። በእንዲህ ያለው የአምባሰል ቀበሌ የሚሻለው እህሉን በአህያ ጀርባ እስከ መኪና መንገድ ዳር አውርዶ፥ በዚያ በተሠራ የጋራ መጋዘን አኑሮ፥ ከመጋዘኑ እስከ ገበያ በጋሪ ማመላለስ ነው።

ጋሪው ሲመረጥ የሚታዩ ነገሮች

አንደኛ፥ መንኰራኵሩ። ከአሮጌ መኪና የተገኘ ቸርኬና ጎማ በኩሽኔታ ላይ የሚዞር ከሆነ ከእንጨት መንኰራኵር እጅግ ይቀላል። ትልቅ መንኰራኵር ድንጋይና ጕድጓድ ሲያጋጥመው በቀላሉ ያልፋል፤ ሰፊ ጎማም በለስላሳ አፈር አይሰምጥም። ሻጩ ሲያሳያችሁ ጋሪውን አንሥታችሁ መንኰራኵሩን በእጃችሁ አዙሩት፤ እየተንገጫገጨ ወይም ወደ ጐን እየተወላገደ ቢዞር ኩሽኔታው ያለቀ ነው። ጎማ በሾህ ሲበሳ የሚጠግነው ሰው በቅርብ መኖሩንም ጠይቁ። በገጠር የተበሳ ጎማ ሳይጠገን ቢቀር ጋሪው የዶሮ መስፈሪያ ሆኖ ይቀራልና።

ሁለተኛ፥ የሳጥኑ መጠን። ብዙ ሰው ትልቅ ሳጥን ያለውን ጋሪ የተሻለ ይመስለዋል። ርዝመቱ 1.5 ሜትር፥ ስፋቱ 1 ሜትር፥ ከፍታውም 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን በማሽላ ቢሞላ 4 ኩንታል ያህል ይይዛል፤ ይህም ለሁለት አህያ ልክ ነው። ይኸው ሳጥን በአሸዋ ቢሞላ ግን ከ9 ኩንታል በላይ ይሆናል። ከብቱን የሚገድለውና አክስሉን የሚሰብረው እንዲህ ያለው ጭነት ነው። ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ አሸዋና ድንጋይ የሚደርስበትን ወሰን በቀለም ማስመር ይገባል። ጭድና ድርቆሽ ደግሞ ቀላል ሆኖ ቦታ ይፈጃልና፥ ተነቃይ የሆነ ከፍ ያለ የእንጨት አጥር ለጐኖቹ ይሠራለት። የኋላ መዝጊያውም የሚከፈት ቢሆን ጆንያ ለማውረድ ይረዳል።

ሦስተኛ፥ ሚዛኑ። ባለ ሁለት እግር ጋሪ ጭነቱ ወደ ፊት ቢያመዝን የአህያይቱን ጀርባ ይጫናል፤ ወደ ኋላ ቢያመዝን ደግሞ ክንዶቹ ወደ ላይ ተነሥተው የሆዷን ጠፍር እየሳቡ ያስጨንቋታል። መልካም ሚዛን ማለት ጋሪው ተጭኖ ሳለ አንድ ሰው ክንዶቹን በአንድ እጁ ከፍና ዝቅ ማድረግ ሲችል ነው። በመኪና ወይም በትራክተር ኋላ የሚታሰር ተሳቢ ግን ከዚህ ይለያል፤ ከጠቅላላው ክብደት ከመቶው 10 እጅ ያህሉ በፊት በኩል በማያያዣው ላይ ሊያርፍ ይገባል። ጭነቱ ከኋላ የከበደ እንደ ሆነ ተሳቢው በመንገድ ላይ እየተወናወነ መኪናውን ሊገለብጥ ይችላል።

አራተኛ፥ ፍሬኑ። ሻጭ ስለ ዳገት ይናገራል፤ ሰው የሚሞተው ግን በቍልቍለት ነው። ፍሬን የሌለው ጋሪ በቍልቍለት ላይ መላ ክብደቱን በከብቱ ላይ ይጥላል። ስለዚህ በገመድ ወይም በእግር ተጭነው ጎማውን የሚያስይዙት እንጨት ወይም ብረት፥ ከዚህም ጋራ በአህያይቱ ታፋ ዙሪያ የሚያልፍ ሰፊ የኋላ ጠፍር የግድ ያስፈልጋል። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ባለው አገር ፍሬን የሌለውን ጋሪ በርካሽ ከመግዛት አለመግዛት ይሻላል።

አምስተኛ፥ የከብቱ ዕቃ። ቀንበር የተሠራው ለበሬ ጫንቃ ነው፤ አህያና ፈረስ ግን የሚስቡት በደረታቸው ነው። በደረት ላይ የሚያርፈው ጠፍር ከአራት ጣት የማያንስ ስፋት ያለውና በጨርቅ ወይም በቆዳ የተደለደለ ይሁን። በቀጭን ገመድ የተሳበች አህያ በሳምንት ውስጥ ትቈስላለች፤ የቈሰለች አህያም ለጌታዋ ዕዳ እንጂ ሀብት አይደለችም።

ከዚህ ሌላ ዛሬ ባለ ሦስት እግር የጭነት ባጃጅና በእጅ የሚመራ ትንሽ ትራክተር ከተሳቢው ጋራ በገበያ ይገኛል። እነዚህ ብዙ ይጭናሉ፤ ፈጥነውም ይደርሳሉ። ነገር ግን ነዳጅ፥ መለዋወጫና የሠለጠነ ነጂ ይሻሉ። ለአንድ ገበሬ ይከብዳሉ፤ ለብዙ ገበሬዎች ማኅበር ግን ዓመቱን ሁሉ ሥራ ካገኙ ዋጋቸውን ሊመልሱ ይችላሉ።

ጋሪ ጎተራ አይደለም

አንዳንድ ሰው እህሉን በጋሪው ላይ እንደ ተጫነ ሸራ አልብሶ ለብዙ ቀን ያቈየዋል። ለአንድና ለሁለት ሌሊት ይህ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ ግን ሌሊት ከሸራው ሥር የሚያልበው ውሃ እህሉን ያሻግተዋል፤ ጎማውም በክብደቱ ይጎዳል። ጋሪ ቆሞ እንዲያድር የግድ ከሆነ አክስሉን በድንጋይ ወይም በግንድ አስደግፎ ጎማዎቹን ከክብደት ማሳረፍ ይገባል።

ወደ ጎተራ ወይም ወደ ጕድጓድ የሚገባው እህል አስቀድሞ በሚገባ መድረቁ ይፈተን። ጥቂት ደረቅ ጨው ከእህሉ ጋራ በደረቅ ጠርሙስ ከትቶ ደኅና አድርጎ መነቅነቅና ጥቂት ደቂቃ ማቈየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነውና ወደ ፀሓይ ይመለስ። ደርቆ ለገባውም እህል ነቀዝን ለመከላከል አየር የማያስገባው ባለ ድርብ የፕላስቲክ ከረጢት እጅግ ይረዳል፤ አፉ ጠብቆ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታልና፥ መድኃኒት መጨመርም አያስፈልግም። ይህ ከረጢት በሾህ ወይም በሚስማር እንዳይበሳ የጋሪው ወለልና ጐን የተላገ መሆን አለበት።

የሹማምንት ድርሻ

በቀድሞው ዘመን ጭሰኛው የባለ ርስቱን ድርሻ በራሱ ከብትና በራሱ ድካም እስከ ባለ ርስቱ ጎተራ ያደርስ ነበር። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ዐዋጅ ቀርቷል። ዛሬ ገበሬው የሚያጓጕዘው የራሱን ነው፤ ነገር ግን የማጓጓዝ ጭንቀት ከእርሱ አልቀረም።

መንገድ ብቻውን አገርን እንደማያድን ደግሞ ወሎ በመራራ ነገር ተምራለች። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በደረሰው ረሐብ ጊዜ ዋናው መንገድ ነበረ፤ ሕዝቡ ግን በዚያው መንገድ ዳር አለቀ። እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ሌላ ገበያ ይወጣ እንደ ነበር አማርትያ ሴን የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቅ ስለ ረሐብ በጻፉት መጽሐፍ አመልክተዋል። መንገድና መንኰራኵር እህልን እንደሚያስገቡ ሁሉ ያስወጣሉ። ለገበሬው የሚበጀው ጋሪና ጎተራ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው፤ ማጓጓዝ የሚችልና ማኖር የሚችል ሰው በመከር ወራት በርካሽ ለመሸጥ አይገደድም፤ በክረምትም የሸጠውን እህል በእጥፍ ዋጋ አይገዛም።

እንግዲህ ክቡራን ሹማምንት ሆይ፥ በየወረዳችሁ እነዚህን አራት ነገሮች ብትፈጽሙ ድካማችሁ ፍሬ ያፈራል። ከመከር በፊት በኅዳር ወር የገጠሩ መንገድ ጕድጓዱ ይደፈን፥ የውሃ መውረጃውም ይከፈት። በመኪና መንገድ ዳር የጋራ መጋዘን የሚሠራበት ስፍራ ይመረጥ። በገበያ ቦታ ለጋሪ መቆሚያና ለከብቶች ውሃ ይዘጋጅ። በዋናው መንገድ ላይ የሚሄድ ጋሪ ሁሉ ቀኙን ይዞ እንዲሄድ፥ በኋላውም ብርሃን የሚመልስ ቀይ ምልክት እንዲያደርግ፥ ከመሸም ያለ ፋኖስ እንዳይንቀሳቀስ ይታዘዝ፤ የመኪና ነጂ በጨለማ ጋሪን የሚያየው ከደረሰበት በኋላ ነውና።

ባለ መሬቶችም ብቻችሁን ውድ ጋሪ ከመግዛት ይልቅ አራትና አምስት ሆናችሁ አንድ መልካም ጋሪ ብትገዙ፥ የሚሠራበትንም ተራ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ብትወስኑ፥ ኩሽኔታውን ግራሶ የሚቀባና ጎማውን የሚጠብቅ አንድ ኀላፊ ብትመርጡ፥ ገንዘባችሁ በከንቱ አይጠፋም። ለመግዛት ወደ ከተማ የሚወርደው ሰው ግን ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ከአውድማው እስከ ቤቱ ያለውን መንገድ በእግሩ ሄዶ ይለካ። ጋሪውን የሚመርጥለት ሻጩ ሳይሆን ያ መንገድ ነውና።