ከምጣድ እስከ ሲኒ፦ ፊዚካላዊና ኬሚካላዊ ለውጥን እንዴት እንለይ?

በአማንም ሆነ በሚዛን ተፈሪ፣ ወደ ቴፒም ዘልቀን ብንሄድ፣ የቡና ሽታ የማያውደው መንደር አይገኝም። ይህ የዕለት ተዕለት ሥርዓት ለሳይንስ ተማሪ ጥሩ ቤተ ሙከራ ነው። «ቀለሙ ከተለወጠ፣ ጋዝ ከወጣው ወይም ወደ ቀድሞ መልኩ ካልተመለሰ ለውጡ ኬሚካላዊ ነው» የሚለውን ደንብ ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። ደንቡን በአንድ ጀበና ቡና ላይ ብንሞክረው ግን ደጋግሞ ያሳስተናል።

ከሙቀጫው እንጀምር። የተወቀጠን ቡና ወደ ፍሬነት መመለስ አይቻልም። ሆኖም ዘነዘናው ፍሬውን አደቀቀ እንጂ አዲስ ንጥረ ነገር አልፈጠረም፤ ስለዚህ ለውጡ ፊዚካላዊ ነው። በጀበናው ውስጥም ውኃው ይጠቁራል፣ ይንተከተካል። ከሥር የሚነሣው አረፋ በአብዛኛው የውኃው የራሱ እንፋሎት ሲሆን፣ ጥቁረቱም የሚመጣው ቀድሞ በምጣዱ ላይ የተፈጠሩ ንጥረ ነገሮች በውኃው ስለሚሟሙ ነው። ቶና ከአቦል የሚቀጥነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከዱቄቱ ሊሟሟ የሚችለው አብዛኛው አስቀድሞ ወጥቷል።

ታዲያ ኬሚካላዊው ለውጥ የት ነው? በምጣዱ ላይ ነው። ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በዚህ ሙቀት ጥሬ ቡና ቀኑን ሙሉ ቢቀቀል የተቆላ ቡና አይሆንም። በምጣድ ላይ ግን መጀመሪያ የፍሬው ውኃ ይተናል፤ ይህ ፊዚካላዊ ነው። ሙቀቱ 150 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስኳሮችና አሚኖ አሲዶች ፈጥነው እየተዋሐዱ ቡናማ ቀለምና መዓዛ ያላቸውን አዳዲስ ሞሌኪውሎች ይሠራሉ። ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ይህ ውሕደት የዳቦን ቅርፊትም የሚያቀላ ነው። በ200 ዲግሪ አካባቢ ፍሬው የሚንጣጣው በውስጡ የታመቀው እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሰነጥቀው ነው። እንፋሎቱ በአብዛኛው ቀድሞ የነበረ ውኃ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን አዲስ የተወለደ ነው። ካፌይኑ በበኩሉ በአብዛኛው ሳይለወጥ ያልፋል።

ይህን በሚዛን ማረጋገጥ ይቻላል። 100 ግራም ደረቅ ጥሬ ቡና ሳይታጠብ ይመዘን። በውስጡ ያለው ውኃ 11 ግራም ገደማ ነው። ውኃው በሙሉ ቢተን እንኳ 89 ግራም ሊተርፍ ይገባል። ቡናው ጠቆር እስኪል ተቆልቶ፣ የረገፈው ስስ ቅርፊት ጭምር ሲመዘን ግን 84 ግራም ገደማ ቢገኝ፣ የጎደለው 5 ግራም ወዴት ሄደ? ጠጣር የነበረው አካል ፈርሶ ጋዝ ሆኗል። የተቆላ ቡና ውኃ ውስጥ ቢነከር ክብደት ይጨምር ይሆናል እንጂ ጥሬ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ልዩነቱ ከፈተና ወረቀት ያለፈ ዋጋ አለው። ዝናብ በሚበዛበት በዚህ አካባቢ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የደረቀ ቡና ድንገት ሊርስ ይችላል። ወዲያው ተበትኖ እንደገና ከደረቀ የገባው ውኃ ይወጣል፤ ለውጡ ፊዚካላዊ ነበርና። እንደራሰ ተከምሮ ከሰነበተ ግን ሻጋታና ረቂቅ ተሕዋስያን ንጥረ ነገሮቹን ይበሉታል፣ ወደ ሌላም ይለውጡታል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች እንጂ የፈረሰውን ሞሌኪውል መልሳ አትሠራም፤ የገበሬው የዓመት ድካምም በዋጋ ይወድቃል።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ «መልኩ ተለወጠ ወይ?» ወይም «ይመለሳል ወይ?» የሚሉት ጥያቄዎች ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደሉም። ፍርዱን የሚሰጠው አንድ ጥያቄ ነው፦ ከለውጡ በፊት ያልነበረ ንጥረ ነገር ተፈጥሯል ወይ? ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣችሁ ይህን ጥያቄ በየደረጃው ጠይቁ።