በአሮጌ የመስክ መኪና ውስጥ የሚሸት የሞተር ጭስ፦ ከየት ወጥቶ በየት እንደሚገባ ፈልጎ ስለ ማግኘት

በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በልማት ጣቢያዎች እጅ የሚገኙ አሮጌ የመስክ መኪናዎች ከባድ ሥራ ይሠራሉ። ዘርና ማዳበሪያ ወደ ገጠር ያደርሳሉ፤ ሲመለሱም ምርትና ሰው አንድ ላይ ጭነው ይመጣሉ። ከማረቆ፣ ከመስቃንና ከሀላባ አካባቢ የበርበሬ ምርት በሚሰበሰብበት ወራት ጆንያ የጫነ መኪና ሁሉ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ መርካቶ፣ በአዲስ ከተማ ወደሚገኘው በርበሬ በረንዳ ያዞራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በርበሬውን ሳይሆን መኪናውን፣ በተለይም የራሱን ጭስ መልሶ ወደ ውስጥ የሚያስገባውን መኪና ነው።

ጉዳዩን ከበርበሬ በረንዳ ጋር ያያያዝነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ስፍራ ጆንያ ሲፈታና ዛላ ሲገለበጥ ሻጩም ገዥውም ተሸካሚውም ያስነጥሳል፤ ይስላል። ከቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከጆንያ ጋር ተቀምጦ የመጣ የማኅበር አባል ራሴን አመመኝ ቢል፣ ሰሚው ሁሉ «በርበሬው ነው» ብሎ ያልፈዋል። የበርበሬ ብናኝ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ያስነጥሳል። ራስን የሚያዞረው፣ የሚያቅለሸልሸውና ጉልበትን የሚያልፈሰፍሰው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ከሞተር ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አጭሰው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ስለሆነ ለአባላት ሲያስረዱ በከሰሉ ምሳሌ መጀመር ይጠቅማል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በመኪና ውስጥ የሚሸተን ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ ጥላሸትና ሌላው የጭሱ ክፍል ነው። እንግዲህ ሽታው መርዙ ራሱ ሳይሆን የመርዙ መልእክተኛ ነው። አፍንጫም ጥቂት ከቆየ በኋላ ሽታውን ስለሚለምድ «አሁን ለቀቀን» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። ጋዙ በደም ውስጥ ኦክሲጅን ከሚያዝበት ኃይል ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይያዛል፤ በመሆኑም ጥቂት በጥቂት እየተጠራቀመ የኦክሲጅንን ቦታ ይወስዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ በአንድ እስትንፋስ የሚገኘው ኦክሲጅን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደግሞ በደጋ ላይ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑን ስለሚያበዛ ጭሱ የበለጠ መርዛም ይሆናል። የናፍታ ሞተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ነው፤ ሆኖም ጥላሸቱ ሳንባን ስለሚጎዳ «ናፍታ ነው፣ ምንም አይል» ማለት አይገባም።

እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት ባለ 40 ቁጥር ላንድክሩዘሮች፣ እንዲሁም አሮጌ የላንድሮቨር መኪናዎች ዛሬም በአገራችን መንገድ ላይ ይታያሉ። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍተኛ ቀረጥ ከጣለና በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ፣ በእጅ ያለን መኪና ጠግኖ መያዝ የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል። ብረቱ ጠንካራ ነው። ላስቲኩና ጓርኒሲዮኑ ግን ያረጃል።

ፍለጋው የሚጀመረው ጭሱ የራሳችን መሆኑን በማረጋገጥ ነው። በበርበሬ በረንዳ ጠባብ መንገድ ላይ ተራ ሲጠበቅ የፊተኛው የጭነት መኪና በሚኒሞ እየሠራ ጭሱን በቀጥታ በእኛ የአየር ማስገቢያ ሊለቅ ይችላል። በዚያ ሰዓት አየር ማስገቢያውን መዝጋትና ሰልፉ ሲቆም የራስንም ሞተር ማጥፋት ይገባል። እውነተኛው ምርመራ ጭነቱ ከተራገፈ በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ገላጣ ስፍራ ይደረጋል።

የሽታውንም ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። የተቃጠለ ዘይት የሚሸት ከሆነ ከቴስታታው ክዳን የሚንጠባጠብ ዘይት በጋለ ብረት ላይ እየወደቀ ሊሆን ይችላል። ጥሬ ናፍታ ወይም ቤንዚን ከሸተተ የነዳጅ ቱቦዎችንና፣ ብዙዎች የሚዘነጉትን፣ ከኋላ ከጆንያው ጎን የተቀመጠውን ጀሪካን መመልከት ነው። ዓይን የሚቆጠቁጥና ዳገት ሲወጣ የሚብስ ሽታ ከሆነ የጭስ ማውጫው መስመር ይመረመራል።

ምርመራው ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ቢጀመር ይሻላል። ጭሱን ከየሲሊንደሩ የሚሰበስበው ማኒፎልድ የተሰነጠቀ እንደሆነ ሞተሩ እንደተነሣ «ጢቅ ጢቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ብረቱ ሲሞቅ ሰፍቶ ስንጥቁን ስለሚዘጋው ድምፁ ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ ጋራዥ የደረሰ መኪና «ምንም የለውም» ተብሎ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። በመገጣጠሚያው ላይ ጥቁር የጥላሸት መስመር ከታየም ጭሱ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ለቀሪው ቱቦና ለማርሚታው አንድ ረዳት ከጎን ቆሞ፣ እጁን በወፍራም ጓንት ሸፍኖ፣ የቱቦውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ይጫነው። መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ጨርቁን ይገፋል፣ ሞተሩም ይታፈናል፤ ቀዳዳ ካለበት ከመኪናው ሥር የፉጨት ድምፅ ይሰማል። ቦታውን ለመለየት ቱቦው ሳይግል የሳሙና ውሃ መቀባት ይበቃል፤ አረፋው ያሳየናል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም መግባት የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የቱቦው ጫፍ ነው። አሮጌው ማርሚታ ተበልቶ በሌላ ሲተካ ብዙ ጊዜ ጅራቱ አጥሮ ይቀራል። ጭሱም ከመኪናው ዳር አልፎ መውጣት ሲገባው በወለሉ ሥር ይለቀቃል። ሁሉ ነገር በደንብ ተበይዶ ሳለ ሽታው ካልለቀቀ በመጀመሪያ ይህን እንመለከታለን። ቱቦው ከአካሉ ጠርዝ ውጭ እስኪወጣ መቀጠል ይኖርበታል።

አሁን ወደ መግቢያው እንምጣ። ለዚህ ገጠሩ ራሱ ጥሩ መሣሪያ ሰጥቶናል፤ አቧራ። በበጋ የአፈር መንገድ ላይ የተለመደውን ያህል ተነድቶ ከቆመ በኋላ ወለሉንና የበሮቹን ጠርዝ ሳይጠርጉ መመልከት ነው። አቧራ የተከመረበትና እንደ ምላስ ወደ ውስጥ የገባበት ቦታ ጭስም የሚገባበት ነው። የካምቢዮው ዘንግ ላስቲክ፣ የፍሪሲዮንና የፍሬን መርገጫዎች የሚያልፉበት ቀዳዳ፣ ሽቦዎች ከሞተሩ ክፍል የሚገቡበት፣ ድሮ ሬዲዮ ተነቅሎ ክፍት የቀረ የብሎን ቀዳዳ፣ ከምንጣፍ ሥር የዛገ ላሜራ፤ እነዚህ ሁሉ ይገኛሉ። በጨለማ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ሌላው ከሥር ባትሪ ቢያበራ ትንሹም ቀዳዳ ይታያል።

አቧራው በብዛት ከኋላ በር አጠገብ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው። እንደ ሣጥን የቆመ መኪና ሲሮጥ ከኋላው አየሩ ይሳሳል፤ የራሱም ጭስ በዚያ ይሽከረከራል። ሾፌሩ የጎኑን መስኮት ሲከፍት በመስኮቱ የሚወጣው አየር በምትኩ ከኋላ አየር ይስባል፤ የኋላው በር ላስቲክ ካረጀ ወይም የሸራው ማሰሪያ ከላላ ጭሱ ተከትሎ ይገባል። ንጹሕ አየር ያገኘው ሾፌር «እኔን ምንም አይሸተኝም» ይላል፤ ውሸቱን አይደለም። በጎን አግዳሚው ላይ ከኋላ በሩ አጠገብ የተቀመጡት፣ ብዙ ጊዜም ሕፃን ያዘሉ እናቶች ናቸው፣ ግን ጭሱን ሲስቡ ይጓዛሉ። እርጉዞችና ሕፃናት በዚህ ጋዝ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጎዳሉ። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ስለ ሽታ ሲጠይቅ ሾፌሩን ብቻ ሳይሆን ከኋላ የተቀመጡትን መጠየቅ አለበት። በሩ በደንብ መግጠሙን ለማወቅ ወረቀት ጣል አድርጎ መዝጋትና መሳብ ነው፤ ወረቀቱ ያለ ችግር ከተሳበ ላስቲኩ አይሠራም። የኋላ በር ከፍቶ ጭነት አስተርፎ መንዳት ፈጽሞ አይገባም።

ለጥገናው መርካቶ ራሱ ይበቃል። መለዋወጫ በሱማሌ ተራ ይፈለጋል፤ ለወለል ልባስ የሚሆን ላሜራ ምን አለሽ ተራ አይጠፋም። የካምቢዮ ላስቲክ ከጠፋ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጦ በቀለበት ማሰር ይቻላል፤ የጋለ ቱቦ የሚነካው ከሆነ ግን ይቀልጣል። ብየዳ ከመደረጉ በፊት ባትሪው ይፈታ፤ ጀሪካኑም ይውረድ። በአሮጌ ቱቦ ላይ የተጠመጠመ የአስቤስቶስ ገመድ ወይም ጓርኒሲዮን ከተገኘ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ በደረቁ መፋቅ የለበትም፤ ውሃ አርሶ በማውጣት በፌስታል አስሮ ማስወገድ ይገባል። የሚያመልጠውን ትቶ የሚገባበትን ብቻ መድፈን ግማሽ ሥራ ነው፤ የሞተሩ ክፍል በጭስ እንደተሞላ ይቀራል።

በጉዞ ላይ ከአንድ በላይ ተሳፋሪ ራሱን ቢያመው፣ ቢያዞረው ወይም ቢያቅለሸልሸው፣ ሕመሙም ከመኪናው ሲወርድ የሚቀንስ ከሆነ፣ ሞተር ይጥፋ፤ ሁሉም ይውረዱ። የደከመው ሰው «ይተኛና ይለቀዋል» ተብሎ አይተውም፤ ጋዙ ከደም ለመውጣት ሰዓታት ስለሚወስድ በሌላ መኪና ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ለሐኪሙም የመኪና ጭስ መሳቡ ይነገር። አለበለዚያ እንደ ምግብ መመረዝ ወይም እንደ ወባ ሊታይ ይችላል።

ስለ በርበሬው ደግሞ አንድ ቃል። የደረቀ ዛላ ሽታ ይይዛል። የበረንዳው ነጋዴ ጆንያ ሲያስፈታ መጀመሪያ ቀለሙን ያያል፣ ከዚያ አፍንጫውን ያስጠጋል፤ ናፍታ የሸተተ ማረቆ ፋና በዋጋ ይቀጣል። ለአባላት ጤና ገንዘብ ለማውጣት የሚያመነታ የማኅበር ሥራ አመራር ቢኖር ይህን ያስቡለት።

ጥገናው እስኪፈጸም ድረስ መኪናው ጆንያ ብቻ ይጫን፤ ከኋላ ሰው አይሳፈር። ሾፌሩም የፊት የአየር ማስገቢያውን ከፍቶ የጎኑን መስኮት ዘግቶ ይንዳ። ከጥገናው በኋላ ወለሉና የበሩ ጠርዝ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ መኪናው በዚያው የአፈር መንገድ እንደገና ይነዳና የአቧራው ምልክት ይታይ።