ትእዛዝና እምነት ሲጋጩ፦ ከቦሩ ሜዳ ማግሥት የወሎ ሙስሊሞች ምላሽ በፊቅህ ሚዛን

ከደሴ በስተ ሰሜን በምትገኘው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. (1295 ሂ.) የተካሄደው ጉባኤ በታሪክ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል የቆየውን የትምህርተ ሃይማኖት ክርክር በመቋጨቱ ነው። ለወሎ ሙስሊሞች ግን የቦሩ ሜዳ ስም ሌላ ትዝታ ይቀሰቅሳል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከጉባኤው በኋላ ባወጡት ትእዛዝ ሙስሊም ሹማምንት እንዲጠመቁ አለዚያም ሹመታቸውን እንዲለቁ፣ ሕዝቡም በተቆረጠለት የጊዜ ገደብ ክርስትናን እንዲቀበል ታዘዘ። መስጊዶች ፈረሱ፤ በምትካቸውም በብዙ ቦታ አብያተ ክርስቲያናት ተሠሩ።

ስለዚያ ዘመን ሲወሳ ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንደኛው ጋሻና ጦር አንሥተው የተነሡትን ብቻ የሃይማኖት ጠበቃ አድርጎ ያወድሳል። ሁለተኛው በውጭ ተጠምቀው በቤታቸው የሰገዱትን አባቶችና እናቶች በሐፍረት ያነሣል፤ ወይም ጨርሶ ሳያነሣቸው ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም አነጋገሮች ከእስልምና የፊቅህ ትምህርት ጋር እንደማይስማሙ ማስረዳት ነው። ኅሊናን የሚያስገድድ ትእዛዝን አለመቀበል በሸሪዓ አንድ መልክ ብቻ ያለው ተግባር አይደለም። እንደ ሰው አቅምና እንደ ማስገደጃው ክብደት የተለያየ ደረጃ አለው፤ የተለያየ ወሰንም አለው።

የትእዛዙ ምንነት

ትእዛዙን በትክክል ለመመዘን ከየት እንደ መነጨ ማወቅ ያሻል። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር ጋር ሁለት ከባድ ጦርነቶች አድርገው ድል ነሥተዋል። ወራሪው የሙስሊም መንግሥት ስለ ነበረ፣ በአገር ውስጥ ያለው ሙስሊም ሕዝብ የጠላት አጋር ሊሆን ይችላል የሚል ሥጋት በቤተ መንግሥቱ አድሮ ነበር። በዘመነ መሳፍንት የተበታተነውን አገር አንድ ለማድረግ ሃይማኖትን አንድ ማድረግ ያስፈልጋል የሚለው አስተሳሰብም ከዚህ ጋር ተዳምሯል። የአገር አንድነትን መሻት ተገቢ ዓላማ ነው። ስሕተቱ የነበረው ዓላማውን ለመፈጸም የተመረጠው መንገድ ነው፤ ልብ በዐዋጅ የሚታዘዝ ተደርጎ ተቆጥሯልና።

ትእዛዙ ሙስሊሞችን ብቻ የነካ እንዳልነበረም ማስተዋል ይገባል። በዚያው ጉባኤ በክርስትናው ውስጥ የተዋሕዶን አስተምህሮ ያልተቀበሉ ወገኖች፣ በተለይም የሦስት ልደት ተከታዮች፣ እምነታቸውን እንዲተዉ ተገድደዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ሃይማኖት ተከታዮች በሌላው ላይ ያሳደሩት ጫና ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ሥልጣን በሰው ኅሊና ላይ ያለው ወሰን የት ላይ ነው የሚለውን ሰፊ ጥያቄ ያስነሣል።

የመታዘዝ ወሰን በሸሪዓ

እስልምና ሥርዐትንና መታዘዝን አጥብቆ ያስተምራል። በሱረቱ አን-ኒሳእ ቁጥር 59 አማኞች አላህን፣ መልእክተኛውንና የሥልጣን ባለቤቶችን እንዲታዘዙ ታዘዋል። ሙፈሲሮች በዚህ አንቀጽ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አስተውለዋል፤ የመታዘዝ ትእዛዝ ለአላህና ለመልእክተኛው ለየብቻ ሲደጋገም ለሹማምንቱ ግን አልተደገመም። ከዚህም የሹማምንት ትእዛዝ ራሱን የቻለ ሥልጣን እንደሌለው፣ ከፍ ካለው ሕግ ሥር የሚውል መሆኑን ተረድተዋል።

ይህንኑ በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ የምናገኘው ታሪክ ያጠናክረዋል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ዘመቻ የላኩት አዛዥ በጭፍሮቹ ተቆጥቶ እሳት አስነደደና እንዲገቡበት አዘዛቸው። ጭፍሮቹ አመነቱ፤ ሳይገቡም ቀሩ። ወሬው ለነቢዩ በደረሰ ጊዜ፣ ገብተውበት ቢሆን ኖሮ ከእሳቱ አይወጡም እንደ ነበር፣ መታዘዝም በመልካም ነገር ብቻ እንደ ሆነ ገለጹ። በዑለማ ዘንድ የጸናው ጠቅላላ ደንብም ፈጣሪን በሚያሳምፅ ነገር ፍጡርን መታዘዝ የለም የሚለው ነው።

ይሁን እንጂ ደንቡ ወሰን አለው። እምቢ የሚባለው ለአመፀኛው ትእዛዝ እንጂ ለመንግሥት ሁሉ አይደለም። ግብር የሚከብደው ሰው፣ ወይም ሹሙን የማይወድ ሰው፣ ደንቡን ይዞ ሕግን ሁሉ ሊጥስ አይችልም። ትእዛዝ ሲከብድና ትእዛዝ ኃጢአት ሲያሠራ ልዩነት አለው፤ በመጀመሪያው ትዕግሥትና አቤቱታ፣ በሁለተኛው እምቢታ ይገባል። ይህ ልዩነት ከተዘነጋ ኅሊና ለስሜት መሸፈኛ ይሆናል።

ሦስቱ ምላሾች

የወሎ ሙስሊሞች ለትእዛዙ የሰጡት ምላሽ በሦስት ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው የትጥቅ ተቃውሞ ነው። በዚህ ረገድ ስማቸው ጎልቶ የሚታወቀው ሸኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር ናቸው። ሸኽ ጦልሐ በዐጀሚ ፊደል በአማርኛ መንዙማ የጻፉ ዓሊም ሲሆኑ፣ በ1870ዎቹ ሕዝቡን አስተባብረው በግዳጅ ጥምቀት ላይ ተነሥተዋል። የሱኒ ፉቀሃእ በዐመፅ ረገድ በጣም ጥንቁቆች መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ዐመፅ የሚያመጣው ደም መፋሰስ ከሚያስወግደው በደል እንዳይበልጥ ይሠጋሉና። ወደ ቦሩ ሜዳ ማግሥት ስንመጣ ግን ጥያቄው ገዢው ፍትሐዊ ነው ወይስ በዳይ ነው የሚለው ብቻ አልነበረም። ሃይማኖትን መጠበቅ የሸሪዓ አምስቱ መሠረታዊ ዓላማዎች መጀመሪያ ስለ ሆነ፣ ሌላ በር ለተዘጋበት ሰው ራስን መከላከል በፊቅህ መሠረት ያለው ምላሽ ነው። የሆነ ሆኖ ዋጋው ከባድ ነበር። ተቃውሞውን ተከትለው የመጡት ዘመቻዎች መሣሪያ ያልያዘውን ገበሬም አብረው ጎድተዋል።

ሁለተኛው ስደት ነው። ብዙዎች ትእዛዙ ወዳልደረሰበት አካባቢ ሄዱ። ስደት ለእምነት ሲባል የሚደረግ እምቢታ መሆኑን ከማንም ይልቅ የሐበሻ ሙስሊም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ615 የመካ ሙስሊሞች የቁረይሽን ማሳደድ ሸሽተው የመጡት ወደዚህ አገር ነው፤ የተቀበላቸውና አሳልፎ አልሰጥም ያለው ነጃሺም በወቅቱ ክርስቲያን ንጉሥ ነበር። በሻፊዒ መዝሀብ፣ ሃይማኖቱን በግልጽ መፈጸም ያልቻለና መሄድ የሚችል ሰው መሰደድ ግዴታው ነው። የሚችል ከሆነ ግን መቆየት ይፈቀድለታል፤ እንደ አል-ማወርዲ ያሉ ሊቃውንት እንዲያውም መቆየቱን አስበልጠዋል። እዚህ ላይ አጥብቀን ልንይዘው የሚገባው ቃል «የሚችል» የሚለው ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ ቁጥር 97 መሰደድ እየቻሉ በግፍ ሥር የቆዩ ሲወቀሱ፣ በቀጣዩ ቁጥር ግን ዘዴም መንገድም ያጡ ደካማ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ከወቀሳው ወጥተዋል። ሽማግሌ ወላጅ የሚጦር፣ ከቁራሽ መሬቱ በቀር መተዳደሪያ የሌለው የቃሉ ወይም የቦረና ገበሬ ከእነዚህ የሚቆጠር ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሕዝብ የያዘው ምላሽ እምነትን መሰወር ነው። ሰዎች ተጠመቁ፤ የክርስትና ስምም ተሰጣቸው፤ በቤታቸው ግን መስገዳቸውንና መጾማቸውን ቀጠሉ። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ የነበሩት የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ማሳያ እንኳ፣ ከጥምቀት በቀጥታ ወደ መስጊድ ሄደው የተጠመቁበትን የሚያጥቡ ሰዎች እንደ ነበሩ ጽፈዋል። ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም የሚለው አነጋገርም የዚህ ኑሮ መገለጫ ነው።

በሱረቱ አን-ነሕል ቁጥር 106 ልቡ በእምነት ረግቶ ሳለ የተገደደ ሰው ከቁጣው ተለይቶ ወጥቷል። አንቀጹ የወረደው የመካ ሙሽሪኮች አሠቃይተው የክሕደት ቃል ባናገሩት በዐማር ቢን ያሲር ምክንያት እንደ ሆነ ሙፈሲሮች ይናገራሉ። ፉቀሃእ ይህን ፈቃድ «ሩኽሳ» ይሉታል፤ እስከ ሞት መጽናትን ደግሞ «ዐዚማ»። ዐዚማ የበለጠ ማዕርግ አለው፤ ይሁን እንጂ ሩኽሳን የያዘ ሰው ኃጢአተኛ አይባልም። በሐነፊ መዝሀብ የክሕደትን ቃል መናገር የሚፈቀደው ግዴታው «ሙልጂእ» ሲሆን፣ ማለትም የነፍስ ወይም የአካል መጥፋት ሲያሠጋ ነው። በሻፊዒዎች ዘንድም አስገዳጁ ዛቻውን መፈጸም የሚችል፣ ተገዳጁም ማምለጥ የማይችል መሆን አለበት። ሹመቱን ወይም ርስቱን ላለማጣት ብቻ የተጠመቀ ባላባትና ቤቱ በወታደር የተከበበ ገበሬ በዚህ ሚዛን እኩል አይሆኑም።

ከአባሲዶች ዘመን የምናገኘው ምሳሌም ይህንኑ ያስረዳል። በ218 ሂ. ኸሊፋ አል-መእሙን ቁርኣን ፍጡር ነው የሚለውን አቋም ዑለማ እንዲቀበሉ ባስገደደ ጊዜ ኢማም አሕመድ ቢን ሐንበል እምቢ ብለው ታሰሩ፤ ተገረፉም። በዚያው ዘመን እንደ የሕያ ቢን መዒን ያሉ ታላቅ የሐዲስ ሊቅ በግዴታ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ኢማም አሕመድ ይህን አልወደዱላቸውም፤ የሙስሊሙ ትውልድ ግን የየሕያን ዕውቀት አልጣለም። ኢማም አሕመድ ራሳቸውም የባግዳድ ፉቀሃእ በኸሊፋው ላይ ለማመፅ ባማከሯቸው ጊዜ ደም እንዳይፈስ ከልክለዋል። እምቢታቸው በገዛ ገላቸው የከፈሉት እንጂ በሌላው ደም የተገዛ አልነበረም።

የማቅለያው ወሰን

ግዴታ ሁሉን ነገር አያቃልልም። ፉቀሃእ ከተስማሙባቸው ጉዳዮች አንዱ፣ ንጹሕ ሰው እንዲገድል የተገደደ ሰው የራሱን ነፍስ ለማዳን ሲል ሊገድል አይፈቀድለትም የሚለው ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የአንዱ ነፍስ ከሌላው አይበልጥም። ክሕደትን በአንደበት መናገር በሰውየውና በጌታው መካከል ያለ ጉዳይ በመሆኑ ይቅል ዘንድ ተፈቀደ፤ የሌላውን ነፍስ ማጥፋት ግን የሌላ ሰው ሐቅ ስለ ሆነ አይቀልም።

ይህ ወሰን የወሎን ታሪክ በትክክል እንድናነብ ይረዳናል። ከትእዛዙ በኋላ የወሎ መሪዎች ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል፣ ኢማም አመዴ ሊበንም ኃይለ ማርያም ተባሉ። በእነርሱ ልብ ውስጥ የነበረውን አላህ ያውቃል፤ የእኛ ፍርድም አያስፈልግበትም። በፊቅህ የሚጠየቀው ግን ሌላ ነው፤ የተጠመቀ ሹም የቀድሞ ወንድሞቹን እንዲያስገድድ ሲታዘዝ «እኔም ተገድጄ ነው» የሚለው ምክንያት ይበቃዋልን? መልሱ አይበቃውም ነው። ሰው በራሱ ላይ የደረሰውን ግፍ ሊሸከም ይችላል፤ ግፉን ወደ ሌላው የማሻገር ፈቃድ ግን የለውም።

ሚዛኑ ለሁሉም

ትእዛዙ ዘላቂ ፍሬ አላፈራም። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ከሞቱ በኋላ ጫናው ላላ፤ ብዙዎችም ወደ ቀደመ እምነታቸው በግልጽ ተመለሱ። ከኮምቦልቻ አቅራቢያ ያለው ጌታም ሆነ ጀማ ንጉሥ፣ ቀድሞ በታላላቅ ሸኾች የተመሠረቱት የዕውቀትና የዚክር ማዕከላት ደረሳ ማስተማራቸውን ዘለቁበት።

ተመሳሳይ ነገር በተቃራኒው አቅጣጫም ተፈጽሟል፤ ይህን ሳያነሡ ማለፍም ፍትሕ አይሆንም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ዘመቻ ብዙ ክርስቲያኖች በሰይፍ ፍርሃት እስልምናን ተቀብለው ነበር፤ ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. ከወደቁ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ክርስትናቸው ተመለሱ። በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ የሚናገረው የሱረቱ አል-በቀራ ቁጥር 256 ትምህርት ለዚያ ክርስቲያንም ለዚህ ሙስሊምም እኩል ጥላ ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ ቁጥር 135 በራስና በዘመድ ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ እንድንመሰክር ታዘናል። ለራሳችን የጠየቅነውን የኅሊና ነጻነት ለጎረቤታችን የምንነፍግ ከሆነ ጥያቄያችን የወገንተኝነት እንጂ የፍትሕ አይሆንም።

ለዘመናችን

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነትን ደንግጎ፣ ማንም ሰው እምነቱን የመያዝ ነጻነቱን በሚገድብ መልኩ እንዳይገደድ ከልክሏል፤ በአንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል። በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አወሊያ ተጀምሮ ደሴን ጨምሮ በብዙ ከተሞች የተስፋፋው የሙስሊሞች እንቅስቃሴ የጠየቀው እነዚህ ድንጋጌዎች እንዲከበሩ ነበር። በዝምታ በመቆምና ቢጫ ካርድ በማሳየት ተቃውሞ ማሰማት የቻለ ሕዝብ ጽናት የግድ ሰይፍ እንደማያሻው አሳይቷል። የሕዝቡ ወኪሎች በጸረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከስሰው በ2007 ዓ.ም. ረጅም እሥራት ሲፈረድባቸው የከፈሉት በራሳቸው ነጻነት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ሚዛን በሦስት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። የመጀመሪያው፣ ትእዛዙ ኃጢአት ያሠራኛል ወይስ ይከብደኛል ብቻ? ሁለተኛው፣ የእምቢታዬን ዋጋ የምከፍለው እኔ ነኝ ወይስ ሌላው? ሦስተኛው፣ ይህንኑ መብት ከእኔ በእምነት ለሚለይ ሰው እሰጠዋለሁን? ሦስቱንም በቅንነት የመለሰ ሰው መቼ እሺ፣ መቼም እምቢ እንደሚል ለመወሰን የሚያስችል መሠረት ያገኛል።

በዚህ ሚዛን ሲታዩ በጓዳቸው መስገጃ ዘርግተው፣ ለልጆቻቸው ፋቲሓን በሹክሹክታ ያስጠኑ የወሎ እናቶች የሚያሳፍሩ አይደሉም። ሸኽ ጦልሐ በአደባባይ ያሉትን እምቢታ እነርሱ በቤታቸው ብለውታል። ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ መስጊዶች የሚሰግደው ትውልድ እምነቱን የተቀበለው ከተዋጉት ብቻ ሳይሆን ከእነርሱም ነውና፣ በዱዓው ሁለቱንም ሊያስታውስ ይገባል። አላሁ አዕለም።